ኪራይ ነው ወይስ ተከላ? ለስካፎልዲንግ ሥራ የትኛው ኢንሹራንስ ያስፈልጋል

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ባሕር ዳር ውስጥ የብረት ስካፎልዲንግ አከራያለሁ። ደንበኛ ሲፈልግ ስምንት የቀን ሠራተኞች ይዤ ሄጄ እተክላለሁ፣ ሲያልቅም እፈታለሁ። አሁን ጣና ዳር የሚሠራ ጂ+7 ሆቴል ላይ የተከላ ሥራ አግኝቻለሁ። ኮንትራክተሩ ግን ‹መጀመሪያ ኢንሹራንስህን አምጣ› አለኝ። አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ሳማክር ለመጋዘንህ የእሳት፣ ለአምስት ሠራተኞች ደግሞ የግል አደጋ ይበቃሃል አለኝ። ለእኔ እሱም የበዛ መሰለኝ። ኮንትራክተሩ ራሱ ኦል ሪስክ አለው። አይሱዙዬ ሦስተኛ ወገን አላት። ተከራዮቼም ‹ማንኛውም ጉዳት በእኔ ኃላፊነት› ብለው ይፈርሙልኛል። ደግሞ ውሃ ዳር ስለሆንን ብረት ቶሎ ይበላል፣ ኢንሹራንሶችም ዋጋ ይሰቅላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ልግዛ?»

ምን ልግዛ ከማለትህ በፊት ምንድን ነው የምሠራው የሚለውን ለይ። አንተ ያለህ ሁለት ሥራ ነው። ብረት ማከራየት አንድ ነው። ብረቱን አቁሞ ሰው እንዲወጣበት ማድረግ ሌላ ነው። ላንተ አንድ ይመስልሃል፤ ብረቱ ያው ነው፣ አይሱዙዋም ያችው ናት፣ ገንዘቡም የሚገባው አንድ ኪስ ውስጥ ነው። ለኢንሹራንስ ኩባንያ ግን የጤፍ ነጋዴና የእንጀራ ጋጋሪ ያህል ይለያያሉ። ጤፍ ሻጩን እንጀራው ለምን ኮመጠጠ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጋጋሪዋን ግን ይጠይቋታል። ወኪሉ የነገረህ ለጤፍ ነጋዴው የሚሆነውን ነው፣ እሱንም በግማሽ።

ብዙ ዓመት የኢንሹራንስ ኩባንያ ካሳ ክፍል ሠርቻለሁ። አንድ ፋይል እስካሁን አይረሳኝም። የማመልከቻ ቅጹ ላይ «የሥራው ዓይነት» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የግንባታ ዕቃ ኪራይ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ቃል ብቻ። ሰውየው ልክ እንዳንተ ያከራያል፣ ይተክላል፣ ይፈታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መፍታት የጀመሩት ስካፎልዲንግ ወደ መንገድ አጋደለና የቆመ ባጃጅ ላይ ወደቀ፤ ጥግ ይዛ በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴትም እግሯ ተሰበረ። ቅጹን የሞላው ወኪሉ ነበር፣ ሰውየው ፈርሞ ብቻ ነው የወጣው። ኩባንያው «የተነገረን ኪራይ ነው፣ አደጋው የደረሰው በመፍታት ሥራ ላይ ነው» ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። አራት ዓመት ሙሉ አርቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ሳያስታጉል ከፍሏል። ዋጋው ለምን ርካሽ እንደነበር የገባው ያን ቀን ነው።

ይህ የኩባንያ ክፋት ብቻ አይደለም። የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍል፣ ያው የ1952ቱ ማለቴ ነው፣ በ2013 የወጣው አዲሱ ንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልነካውም፣ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል መናገር አለበት ይላል። ሆን ብለህ ከደበቅክ ውሉ ፈራሽ ይሆናል። በስህተትም ቢሆን ካሳህ ሊቀነስ ይችላል። በመሃል ሥራህ ከተቀየረና አደጋው ከከበደም ማሳወቅ አለብህ፤ እስካሁን ጂ+2 ስትተክል ኖረህ አሁን ጂ+7 ላይ መውጣት እንዲህ ያለ ለውጥ ነው። ወኪሉ ጻፈልኝ ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ፊርማው ያንተ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶችህ። ኦል ሪስክ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። «ሁሉንም አደጋ» ማለት የሁሉንም ሰው አደጋ ማለት አይደለም። ኮንትራክተሩ የገዛው ውል ሁለት ክፍል አለው። አንዱ እየተሠራ ያለውን ሕንፃና ሳይት ላይ ያለውን ማቴሪያል ይሸፍናል። ሁለተኛው በሥራው ምክንያት ሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስን ጉዳት ነው። በዚህ ሁለተኛ ክፍል በብዙዎቹ ውሎች ላይ የሥራው ተሳታፊዎች ሠራተኞች ጉዳት ከሽፋን ውጭ ነው። ስለዚህ ያንተ ሠራተኛ ከአራተኛ ፎቅ ቢወድቅ ኦል ሪስኩ አንድ ብር አይከፍልም። ያንተ ብረትስ? በግንባታ መሣሪያነት ለብቻው ተመዝግቦ ዋጋው ካልተጻፈ በቀር እሱም የለበትም።

የባሰው ደግሞ ወዲህ አለ። በውሉ ላይ ባለ መድን ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? ኮንትራክተሩና የሆቴሉ ባለቤት ብቻ ከሆኑ አንተ ለዚያ ኢንሹራንስ ባዕድ ነህ። ስካፎልዲንጉ ወድቆ የሕንፃውን መስታወትና አሉሚኒየም ቢያወድም ኩባንያው ለኮንትራክተሩ ይከፍላል፣ ከዚያ በመዳረግ መብቱ ወደ አንተ ዞሮ «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ የከፈልኩትን መልስ» ይልሃል። ጋሻዬ ነው ያልከው ከሳሽህ ሆኖ መጣ ማለት ነው። ኮንትራክተሩን ጠይቀው፤ ንዑስ ተቋራጮች በባለ መድንነት ተካትተዋል ወይ? ተካትተዋል ካለህ የተጻፈበትን ገጽ ኮፒ ይስጥህ። በስልክ «አዎ አለ» ቢልህ እንዳታምን።

የአይሱዙዋ ሦስተኛ ወገን አጭር መልስ ነው ያለው። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ሰው ላይና ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ከሕንፃው ላይ የወደቀ ብረት አይመለከታትም። የጫነችውን ያንተን ብረትም አይሸፍንም።

ተከራይ የሚፈርምልህ ወረቀት ጥቅም አለው፣ ግን በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ብቻ ነው። በቆሎ ጠባሿ እዚያ ወረቀት ላይ አልፈረመችም። የባጃጁ ባለቤትም አልፈረመም። እነሱ አንተንም ተከራዩንም መክሰስ ይችላሉ። ፍርድ ቤት ካስከፈለህ በኋላ ወረቀትህን ይዘህ ተከራዩን ትጠይቃለህ፤ ሰውየው ያኔ ከተማ ውስጥ ካለ፣ የሚከፍለውም ካለው። በዚያ ላይ አንተው ተክለኸው ተከላው ላይ ስህተት ከተገኘ ያ ወረቀት መጀመሪያውኑ ብዙ አያስኬድህም።

ውሃ ዳር ስለመሆናችን የሰማኸው ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የመጣ ወሬ ነው። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ብረት የሚበላው ጨው ነው። ጣና ጨው የለውም። ያንተ ብረት የሚዝገው ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ተከምሮ ስለሚያድርና ቀለሙ የተላጠውን ስለማትቀባው ነው፤ ይህ ደሴም ደብረ ማርቆስም ያው ነው። ለማንኛውም ዝገትና እርጅና በየትኛውም ኢንሹራንስ አይሸፈንም። ድንገተኛ ነገር አይደለማ። እንዲያውም ጎኑ ይገለበጣል፤ የዛገ ክላምፕ፣ ያ የብረቶቹ ማያያዣ፣ ተሰብሮ ሰው ከወደቀ ጥንቃቄ አላደረክም ተብሎ ካሳው ላይ ጥያቄ ይነሣል።

ይልቅ ሐይቁ ሌላ ሁለት ነገር ያመጣብሃል። አንዱ ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚነሣውን ነፋስ ታውቀዋለህ። ባዶ ብረት ብዙም አይሰማውም። ኮንትራክተሩ ግን አቧራ እንዳይወርድ ብሎ ስካፎልዲንጉን በሸራ ሲያለብሰው ነገሩ የጀልባ ሸራ ይሆናል። ለባዶ ብረት የታሰረው ማሰሪያ ለሸራ የለበሰ ብረት አይበቃም፤ ወደ ግድግዳው የሚያይዙት ነጥቦች መብዛት አለባቸው። ሸራ ሊደረግ መሆኑን ከመትከልህ በፊት ጠይቅ፣ ለኢንሹራንሱም ተናገር። ሁለተኛው መሬቱ ነው። ባሕር ዳር ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጥና ይለሰልሳል። ግንቦት ላይ ድንጋይ መስሎህ የተከልክበት መሬት ሐምሌ ላይ የብረቱን እግር ይውጠዋል። አንዱ እግር ሲሰምጥ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፣ ከዚያ መንጋደዱን ሰው የሚያየው ከረፈደ ነው። ከእግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። አንድ ጣውላ ቢያንስ ሁለት እግር ይያዝ። ብሎኬት ስባሪ አታድርግ፤ ይሰነጠቃል። ጉዳቱን የሚመረምረው ሰርቬየር አደጋ ቦታ ሲመጣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የሚያየው የብረቱን እግር ነው፣ እኔም የማደርገው እሱን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስምንቱ ልጆችህ። አንተ ብረቱ እንዳይጠፋ ነው የምትጨነቀው። ብረት ቢጠፋ ትከስራለህ እንጂ አትጠፋም። ሰው ቢወድቅብህ ግን ንግድህ ሊዘጋ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም የሚለውን ደግመህ አንብበው። «ቀበቶ አሰር ብዬው እምቢ አለ» ብለህ የምታመልጥበት በር ጠባብ ነው። ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ተሰጥቶት ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ ትድናለህ፣ ግን ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። ለዚህ ነው ቀበቶና ሄልሜት ስትሰጥ የሚፈርሙበት ደብተር ያዝ የምለው። ከደብተሩ ዋጋ በቀር የሚያስወጣህ ነገር የለም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። የቀን ሠራተኛህ በቀን 500 ብር ያገኛል፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። በወር 13,000፣ በዓመት 156,000 ብር ነው። በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ከማይችልበት ደረጃ ከደረሰ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው፤ ቢሞት ለጥገኞቹ የሚከፈለውም እንዲሁ። 780,000 ብር። ይህ የአንድ ልጅ ነው። ሕክምናው ለብቻው ነው፣ የቀዶ ጥገናና የሰው ሠራሽ እግር ወጪ ጭምር። ለጊዜው ከሥራ ውጭ ለሆነው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ትከፍላለህ። ስካፎልዲንግ ሲወድቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይዞ አይወድቅም።

ወኪሉ ያቀረበልህ የግል አደጋ ኢንሹራንስ ይህን አይተካም። የግል አደጋ የሚከፍለው ውሉ ላይ የተጻፈውን ቁርጥ ብር ነው። 100,000 ብሎ ከተጻፈ 100,000 ነው፤ ሕጉ 780,000 ካለህ ቀሪው ከኪስህ ነው። ደግሞም ብዙውን ጊዜ በስም ዝርዝር ነው የሚሠራው። አንተ ስምንት ሰው አለህ፣ ዝርዝሩ ላይ አምስት ነው። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ዛሬ የመጣው ነገ አይመጣም። እግዜር አያድርገውና የሚወድቀው ስድስተኛው ከሆነስ? አንተ የሚያስፈልግህ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው። የሚከፍለው አሠሪው በሕግ የሚጠየቀውን ነው፣ እስከ ውሉ ጣሪያ ድረስ። አርቦኑ የሚሰላው በዓመት በምትከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ነው። በስም ሳይሆን በሥራ መደብ እንዲጻፍልህ ጠይቅ፤ «ስካፎልዲንግ ተካይና ፈቺ፣ የቀን ሠራተኞችን ጨምሮ»። የደመወዙን ድምር አሳንሰህ አትንገር። በዚያች የምታተርፋት ብር ካሳ ላይ ተባዝታ ትቀነስብሃለች። በየቀኑ ማን እንደሠራና ስንት እንደተከፈለው የሚያሳይ መዝገብ ከሌለህ ደግሞ ሠራተኛህ መሆኑን ማሳየት ራሱ ችግር ነው። ካሳ ክፍል ውስጥ ሆኜ ካየኋቸው ክርክሮች ብዙዎቹ ሕግ ላይ አልነበሩም፣ «ይህ ልጅ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር ወይ?» የሚል ላይ ነበሩ።

ቀጥሎ የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ነው፤ አንዳንዱ ኩባንያ የሕዝብ ተጠያቂነት ይለዋል። መንገደኛው፣ ባጃጁ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ የሚካሱት ከዚህ ነው። ሐይቁ ዳር ሰው ሲዝናና ነው የሚውለው፤ እሑድ ከሰዓት ከስካፎልዲንጉ ሥር ስንት ሰው እንደሚያልፍ ቆመህ ቁጠር። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልግ። «መትከል፣ ማቆየትና መፍታት» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። በአንድ አደጋ የሚከፈለው ጣሪያና በዓመት የሚከፈለው ድምር ለየብቻ ይታዩ፤ አንዳንዱ ውል ትልቅ ቁጥር ጽፎ ያ ቁጥር የዓመቱ ድምር ሆኖ ይገኛል። የከፍታ ገደብ ካለም ከጂ+7 በላይ መሆኑን አረጋግጥ። ጣሪያው ስንት ይሁን የሚለውን ኮንትራክተሩ በውላችሁ ላይ ጠይቆህ ሊሆን ይችላል፤ አስቀድመህ እሱን አይተህ ሂድ። የአርቦኑን ዋጋ እዚህ አልገምትልህም። በከፍታ፣ በደመወዝ ድምርና በመረጥከው ጣሪያ ይለያያል። ቢያንስ ሦስት ኩባንያ በጽሑፍ ዋጋ ይስጥህ፤ ባሕር ዳር ላይ የመድን ድርጅትም የግሎቹም ቅርንጫፍ ስላላቸው አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግህም።

እዚህ ላይ አንድ የምታምታታው ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ተክለህ ከሄድክ በኋላ ብረቱ ሦስት አራት ወር ይቆማል። የሚሠሩበት ልሳኞችና ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ልሳኝ ማሰሪያው ግድግዳው ላይ ሥራ ሲከለክለው ምን ያደርጋል? ይፈታዋል። መልሶ ያስረዋል? እንጃ። ሲወድቅ ግን «የተከለው እሱ ነው» ይባላል። መድኃኒቱ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ነው። የተተከለበት ቀን፣ ቁመቱ፣ ስንት ማሰሪያ እንዳለው፣ በአንድ ወለል ላይ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል፣ ከአንተ ሰዎች ውጭ ማንም እንዳይፈታ። የሳይቱ ፎርማን ይፈርም። በሳምንት አንዴ ሄደህ እይ፤ ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ በነጋታው ደግሞ የግድ እይ። ፎቶ አንሣ፣ ስልክህ ላይ ቀኑ ይመዘገባል። ፎቶውን ኢንሹራንሱ ባይጠይቅህ ፍርድ ቤት ይጠይቅሃል።

የብረቱን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት አውቄ ነው። ወኪሉ ለመጋዘንህ የእሳት ኢንሹራንስ ግዛ አለህ። ብረት አይነድም! የሚነደው ጣውላህና ሞራሌህ ነው፤ እነሱም የንብረትህ ትንሹ ክፍል ናቸው። ብረቱ የሚጎዳው ሲወድቅና ሲሰረቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ሳይት ላይም መጋዘንም ያለውን ዕቃ የሚሸፍነው የኮንትራክተር መሣሪያዎች ኢንሹራንስ ነው። ግን ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንደኛው ዋጋው ነው። ብረቱን ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ እያለ ከገዛኸው የዛሬ ዋጋው ሌላ ነው። በደረሰኝህ ዋጋ ካስመዘገብከው አሳንሰህ ኢንሹራንስ ገባህ ማለት ነው። ዛሬ 2 ሚሊዮን የሚያወጣውን 1 ሚሊዮን ብለህ ካስመዘገብክና 300,000 ብር የሚያወጣ ቢበላሽ የሚከፈልህ ግማሹ ነው፣ 150,000፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዳት አንተ እንድትሸከመው ውሉ ላይ የተጻፈው የራስህ ድርሻ ይነሣል። ሰው 1 ሚሊዮን እስኪሞላ ሙሉውን የሚከፍሉት ይመስለዋል። አይደለም።

ሁለተኛው ክላምፕ ነው። መቶ ክላምፕ ልከህ ሰማንያ ሁለት ይመለስልሃል። ዕቃ ስትቆጥር ብቻ የታወቀ ጉድለት በእንዲህ ዓይነት ውል አይሸፈንም፤ መቼ፣ የትና እንዴት እንደጠፋ ካላሳየህ ስርቆት አይባልም። መጋዘን ተሰብሮ ከተሰረቀ፣ ሰባሪው በኃይል የገባበት ምልክት ካለና ለፖሊስ ካመለከትክ ሌላ ነገር ነው። ተከራይ ይዞ ቢጠፋም እምነት ማጉደል ነው፣ ኢንሹራንሱ አያየውም። የክላምፕ መድኃኒቱ መያዣ ገንዘብ ነው። ጠንከር ያለ መያዣ ያዝ፣ ስትሰጥም ስትቀበልም አብራችሁ ቁጠሩ፣ የጎደለው ዋጋ በቁራጭ ስንት እንደሆነ የኪራዩ ውል ላይ ጻፍ።

ሁከት፣ አድማና ጦርነት ከመደበኛው ውል ውጭ ናቸው። አሁን ባለንበት ሁኔታ ይህን መናገር የግድ ነው። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ ለብረቱ ከፈለግኸው ዋጋውን ጠይቅ፣ ቦታውን አይተው ይወስናሉ። በመንገድ መዘጋትም ሆነ በሌላ ምክንያት ሥራው ከቆመም ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቅ። ሥራ ሲቆም ብረቱ ያለ ጠባቂ ስለሚቀር ብዙ ውሎች ላይ ሽፋኑ ይነካል። የወንጀል ቅጣት፣ የዘገየህበት ቅጣትና ደግመህ ለመትከል የምታወጣው ወጪም በተጠያቂነት ኢንሹራንስ የሚከፈሉ አይደሉም። ሰው ሞቶ በቸልተኝነት ብትከሰስ ኢንሹራንስ ካሳውን እንጂ እስሩን አይታሰርልህም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፣ አላመነታበትም። የእሳቱን ተወው። የግል አደጋውን ተወው። ገንዘቡን ሰብስበህ የሠራተኞች ጉዳት ካሳና የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት ግዛ፤ ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ። ይህ ጉዳይ የኔ አይደለም፣ የዚያኛው ነው የሚል መገፋፋት ይቀንስልሃል። በኮንትራክተሩ ኦል ሪስክ ውስጥ በንዑስ ተቋራጭነት ስምህ እንዲገባ ጠይቅ፤ ለእሱ የሚጨምርበት ወጪ ካለ ተነጋገሩበት። የብረቱን ኢንሹራንስ ከዚህ ሥራ የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባልህ ትገዛዋለህ። እነዚህ ሁለቱ ሳይኖሩህ ግን ሆቴሉ ላይ አንድ ብረት እንዳታቆም። አርቦኑ ከበደኝ ካልክ በተከላ ዋጋህ ውስጥ አስገባው፤ ኮንትራክተሩ ኢንሹራንስ አምጣ ሲልህ ወጪውንም እያሰበ ነው። አልከፍልም ካለህ ተከላውን ተውና ብረቱን ብቻ አከራየው፣ በራሱ ሰዎች ይትከል፣ ውሉም «ኪራይ ብቻ፣ ተከላ አይጨምርም» ይበል። ያኔ አንተ ራስህ ሄደህ «እንዲህ እሰረው» እያልክ እንዳታዝ። ማዘዝ ከጀመርክ ጋጋሪ ሆንክ።

ቅጹን ራስህ ሙላው። ወኪሉ ይርዳህ፣ እስክሪብቶውን ግን አንተ ያዝ። «የሥራው ዓይነት» የሚለው ላይ «የብረት ስካፎልዲንግ ኪራይ፣ ተከላና መፍታት፣ እስከ ጂ+7» ብለህ ጻፍ። የሞላኸውን ኮፒ አስቀር። ውሉ ታትሞ ሲመጣም ከመክፈልህ በፊት ያችን መስመር ፈልጋት፤ «ኪራይ» ብቻ የምትል ከሆነ አትቀበል፣ አስተካክለው እስኪያመጡልህ ድረስ ብሩ ካንተ ጋር ይቆይ።